ከሦስተኛው ሲሊንደር የወጣው ውሃ

ባልየው ቁልፉን ሲያዞረው መኪናዋ «ጓ!» አለችና ዝም አለች። ደግሞ አዞረው፤ «ጓ!» ሦስተኛውን ሊሞክር ሲል ሚስቱ የጥርስ ብሩሿን በአፏ እንደያዘች በመስኮት ብቅ አለች።

«ምን አድርገሃት ነው?»

«ምን አደርጋታለሁ? ባትሪዋ ሞቶ መሰለኝ።»

«ባትሪ ሲሞት እንደዚህ አይጮኽም። እስቲ መብራቱን አብራው።»

አበራው። ፊት ለፊት ያለው አጥር ቦግ አለ። ባትሪው ከባለቤቱ የተሻለ ጤና ነበረው።

ሴትየዋ አፏን ተጉመጥምጣ በነጠላ ጫማ ወረደች። መካኒክ ናት፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ብሎን» ይሏታል። የማትፈታው ብሎን ስለሌለ ነው ይላሉ አክባሪዎቿ። አንዴ ከጠበቀች የሚፈታት ስለሌለ ነው ይላሉ ሌሎቹ። ባሏ ከሁለቱም ወገን ነው። እሱ መነጽር ሠሪ ነው፤ ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የፊደል ሰሌዳ አለው። ሰው ዓይን ውስጥ ያለች ጉድፍ አታመልጠውም፤ ኮፈን ሲከፈት ግን ከነመነጽሩ ዕውር ነው።

ረጅሙን መፍቻ አመጣችና ከሞተሩ አፍንጫ ላይ ካለው ትልቅ ብሎን ጋር አገናኝታ ገፋችው። ትንሽ ዞረና ቀጥ አለ። ወደ ኋላ መለሰችው፤ እሺ ብሎ ተመለሰ። ወደ ፊት ገፋችው፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ ግድግዳ እንደገጠመው ሰው ቆመ። ዘይት አልቆበት የነደደ ሞተር ወዲያም ወዲህም አይልም። ይሄኛው ግን አሻፈረኝ የሚለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ፒስቶን ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ አየር ገር ነው፣ ሲጨምቁት ይጨመቃል። በአየሩ ፋንታ ውሃ ከጠበቀው ግን አለቀ፤ ውሃ አይጨመቅም። ወይ ሞተሩ ይቆማል፣ ወይ ፒስቶኑን ከሥር የሚገፋው ዘንግ፣ መካኒኮች ቢየላ የሚሉት፣ ይጎብጣል።

«ውሃ ገብቶበታል» አለች።

«ውሃ?» አለ ባልየው። ቃሉን ሲጠራ ዓይኑን ሰበር ያደረገ መሰላት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሞተር ውስጥ የሚገባው ከመንገድ ነው። ትናንት ከረፋዱ ጀምሮ ሰማዩ ተቀዶ ነበር። በከተማው መኪና የሚያሰጥም ውሃ የሚያቁረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከታችኛው ድልድይ ሥር። ከታችኛው ድልድይ ሥር ደግሞ ፋርማሲ አለ።

የፋርማሲዋ ባለቤት ሦስት ዓመት የባሏ እጮኛ ነበረች። ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳ ቀረች፤ እሱም ቆይቶ ሌላ አገባ። ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር፣ አማቲቱ ባይኖሩ። «የዚያች ልጅ እጅ እኮ!» ይላሉ፣ ምራታቸው ሰሃን ስታቀርብ ጠብቀው። «ወተት ነበር የሚመስለው።» ከምራታቸው ጥፍር ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ሠርጓ ዕለት እንኳ አልለቀቀም። ከስድስት ወር በፊት ባለወተት እጇ ተመልሳ መጣችና ከድልድዩ ሥር ፋርማሲ ከፈተች። ታፔላው የተሰቀለ ዕለት እትዬ ብሎን ባሏን ቁጭ አደረገችውና «ድህነት ይምጣ፣ በሽታ ይምጣ፣ እችላለሁ» አለችው። «ከሷ ዘንድ ተደብቀህ የሄድክ ዕለት ግን ልብሴን ጠቅልዬ እወጣለሁ። እኔ ደግሞ ስናገር ታውቀኛለህ።» ያውቃታል።

ትናንት ሊመሻሽ ሲል ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ገባ። «የሱቁ ጣሪያ አፍስሶ ካርቶን ሳነሳ ዋልኩ» አለ። እራት አቀረበችለት፣ በልቶ ተኛ። እሷ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ነገሩን በሆዷ ይዛ አደረች። ይኸው አሁን ሞተሩ መሰከረ።

ሞተር ውስጥ ውሃ እንዳለ ያወቀ መካኒክ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ማንም እንዲነካ አይፈቅድም። እሷ ግን ክንዶቿን አጣምራ መስኮቱ አጠገብ ቆመችና «ድገመው እስቲ» አለችው።

«ጓ!»

«አሁንም።»

«ጓ!»

ሞተሩን አይደለም የምታዳምጠው፤ ፊቱን ነው የምታየው። በእያንዳንዱ ጓታ ዓይኑ ይርገበገባል። ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይርገበገባል?

«ይብቃ» አለች በመጨረሻ። «ወደ ጋራዥ ትጎተታለች። አንተ ወደ ሥራህ ሂድ። ስጠራህ ትመጣለህ።»

ጋራዡ የአንድ አዛውንት ነው። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ «ጋሽ ቀስበል» ነው የሚባሉት፤ በቀን መቶ ጊዜ «ቀስ በል» ስለሚሉ። በዚያ ጠዋት ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ነበር። ባይሄዱ ኖሮ ይሄ ታሪክ ቁርስ ሰዓት ላይ ያልቅ ነበር። የነበረው ኤሌክትሪሻኑ «ሽቦ» ብቻ ነው። ቀጭን ነው፤ በየቀዳዳው ይገባል፣ በየሰው ወሬም እንደዚያው።

«እትዬ፣ በአየር ማጣሪያው አንጀምርም?» አላት ሽቦ።

«መልሱ የታወቀ እንቆቅልሽ ምን ያደርግልሃል? ካንዴላዎቹን አውጣቸው።»

አራቱም ካንዴላዎች ወጡ። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሲሆኑ ውሃው መውጫ ያገኛል፤ ያኔ ሞተሩን ማዞር አይጎዳም። ሽቦ ሞተሩን የሚያዞረውን ሞተሪኖ ነካ ሲያደርገው ሦስተኛው ቀዳዳ የያዘውን ወደ ግድግዳው ተፋው። ግማሹ ያረፈው ሽቦ ሸሚዝ ላይ ነው።

«ይቺ መኪና ናት ቧንቧ?»

እትዬ ብሎን አልሳቀችም። ከቀዳዳው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን በሻይ ብርጭቆ ተቀበለችና መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ዕቃ። ድፍርስ ነው ብላ አሰበች። ጭቃ አለበት ብላ አሰበች። ከዚያ ባሏ ጋ ደወለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእግሩ ደረሰ፣ ላብ አጥምቆት። ብርጭቆውን አነሳችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው?»

«ከሞተርህ የወጣ ውሃ ነው። ከየት እንደገባ አንተ ትነግረኛለህ ወይስ እኔ ልንገርህ?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«ከታችኛው ድልድይ ሥር ነው የገባው።»

ባልየው ክው አለ። እሷ የታጠቀችው ለክህደት ነበር። ይምላል፣ እከራከረዋለሁ፣ ያኔ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር እይዝለታለሁ ብላ ነበር። እሱ ግን አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና «ሦስት ጊዜ ብቻ ነው» አለ።

ከኮፈኑ ኋላ የሽቦ ካቻቢቴ ቀጥ አለ።

«ሦስት?» አለች።

«አራት። አንዱን ቀን ዘግታ ስለነበር አልቆጠርኩትም።»

«ምን ልትሠራ?»

«መነጽር አስቀምጬ ነው። አንድ መደርደሪያ ሰጠችኝ። ሽማግሌዎች መድኃኒት ሊገዙ ሲመጡ የማንበቢያ መነጽር ያያሉ፣ ይገዛሉ። ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ የጎደለውን እሞላለሁ።»

«ሞልተህ ትወጣለህ?»

የተቀመጠበትን ጎማ በጥፍሩ ፋቀ። «ትንሽ እናወራለን።»

መደርደሪያውን ትችለው ነበር። መነጽሩንም ትችለው ነበር። «ትንሽ እናወራለን» የሚለውን ግን አልቻለችውም። ቤት ሲገባ ምን ያወራል? «ደከመኝ» ነው የሚለው።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«አሁን የሆንሽውን እንዳትሆኚ።»

«ትናንትስ? ትናንት ሐሙስ አልነበረም።»

«ትናንት አልሄድኩም! በእናቴ!»

«በእናትህ አትማልብኝ፤ እሳቸው ቢሆንላቸው እዚያ ይድሩህ ነበር። ሞተሩ ሄዷል ይላል።»

ባልየው ወደ ተከፈተው ኮፈን ዞረ። ጎረቤቱ ሰላይ እንደነበር ዛሬ የነገሩት ሰው ይመስል ነበር። «እንዴት አድርጎ ያውቃል?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሁሉንም ያውቃል» አለችው።

አመናት። ክፉው ነገር እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም፣ አልማለም። ተነሥቶ ሱሪውን አራግፎ «እንግዲህ ሞተሩ ካለ እኔ ምን እላለሁ?» ብሎ ሄደ። እሷም ልብሷ ስንት ሻንጣ እንደሚሞላ ማስላት ጀመረች፤ ሁለት፣ ቱታዎቿን ከተወቻቸው አንድ ተኩል።

ጋሽ ቀስበል ሲመጡ አንድ ጉንጫቸው እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ አፋቸው ጥጥ ጎርሶ ነበር። ብርጭቆውን አነሡና ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት።

«ዝናቡ አረንጓዴ ሆኖ መዝነብ ጀመረ እንዴ?» አሉ በጥጡ መሐል።

እትዬ ብሎን ቀና ብላ አየች። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ድፍርስ አልነበረም። ጭቃም የለበትም። ፈዛዛ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። አሽትተው ሰጧት፤ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ይሄን ሽታ ዐሥራ አንድ ዓመት ታውቀዋለች። አረንጓዴ ማቀዝቀዣ የተቀላቀለበት የራዲያተር ውሃ ነው።

«መኪናዋ አልነሣም ያለችው የት ቆማ ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ቤት።»

«እንዴት አድርጋ ቤት ደረሰች?»

ይሄን የታሪኳን ቀዳዳ ጠዋቱኑ አይታው ነበር፤ አይታም ደፍናዋለች። ባለፋርማሲዋ በነጭ መኪናዋ ስትጎትተው፣ እሱ ከኋላ መሪ ይዞ ሲስቅ፣ ገመዱ ሳይቀር ታይቷት ነበር፤ ሰማያዊ ገመድ።

«ተጎትታ ይሆናል» አለች።

«ማን አየ?»

«ማንም።»

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ቀስበል፣ «ውሃ የዋጠ ሞተር እዚያው ውሃው ውስጥ ነው ቀጥ የሚለው። ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጠዋት ተነሥቶ አይሞትም። ማጣሪያውን አይተሻል?»

አላየችም። አራቱን መቆለፊያዎች ከፈተች። ማጣሪያው ደረቅ ነው። እጥፋቶቹ መሐል አቧራ አለ፣ አንድ የደረቀች የእሳት እራትም አለች፤ ጣቷን ስታሳርፍባት ዱቄት ሆነች። የመንገድ ውሃ ወደ ሞተር የሚገባው በዚህ በኩል ነው፤ የጠል ጠብታ እንኳ አላለፈበትም። የራዲያተሩን ማጠራቀሚያ ከፈተች፤ ባዶ ነው።

የራዲያተር ውሃ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በራሱ መንገድ እየዞረ ሞተሩን ያበርዳል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። የሚያግደው ከሞተሩ በላይ በሚቀመጠው ክዳን፣ በቴስታታው ሥር የሚነጠፍ ስስ ጋስኬት ነው። ጋስኬቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበላ፣ መኪናው ሲቆም የጋለው ውሃ በዚያች ስንጥቅ ጠብ ጠብ እያለ ሲሊንደሩን ሲሞላ ያድራል። ጠዋት ሰውየው ቁልፉን ሲያዞር፤ ጓ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አዛውንቱ። ከዚያ ቀጭን ዘንግ አመጡና በካንዴላው ቀዳዳ እያስገቡ፣ እያንዳንዱ ፒስቶን እስከ ጫፉ ሲወጣ የቱ ድረስ እንደሚደርስ ለኩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው እኩል ናቸው። ሦስተኛው በጥፍር ውፍረት ዝቅ ብሏል። ቢየላው ጎብጧል።

«ይሄ በአንድ ጓታ አይመጣም። ውሃው ሳይወጣ ማነው የደጋገመው?»

«እኔ ነኝ ያስደገምኩት።»

ጋሽ ቀስበል ጥጡን ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዞሩት።

በዚያ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ። ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ግን በእሱ ምክንያት ሁለት ሰው ሥራ ለቋል። የበሽታውን ምክንያት የተሳሳተ መካኒክ ስህተቱን ለባለመኪናው በራሱ አፍ፣ ፊት ለፊት ይነግራል። ሳይነግር በዚያ መኪና ላይ አንዲት ብሎን አይፈታም። ስልክ አይሠራም። ሰው መላክ አይሠራም።

«ባለመኪናው እኮ ባሌ ነው» አለች።

«ታዲያ ከሌላው ባለመኪና ያንሳል?»

«ምን እንዳልኩት አያውቁም፣ ጋሼ።»

«ማወቅም አልፈልግም።»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ ሽቦ ከኮፈኑ ኋላ።

ጋስኬት ልግዛ ብላ ወጣች። መለዋወጫ መሸጫው ሽቅብ ነው፤ እግሯ ቁልቁል ወሰዳት።

በመንገድ ላይ ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ባሏ አሁን ሞተሩ ይናገራል ብሎ ያምናል። ከዛሬ ጀምሮ የትም ሲሄድ ኮፈኑን በቆረጣ እያየ ነው የሚሄደው። ውሸት ማውራት ቀርቶ መንገድ እንኳ አይስትም። ዐሥር ዓመት ብትለምነው የማታገኘውን በአንድ ብርጭቆ አረንጓዴ ውሃ አግኝታለች። ሄዳ «ተሳስቻለሁ» ካለችው ግን ይሄ ሁሉ ይበናል። የሚቀራት የሱ ቃል ነው፤ ያውም አራት ሐሙስ የደበቃት ሰው ቃል። አለመናገርም ትችላለች። ሽቦን አፉን ማስያዝ፣ ጋሽ ቀስበልን «ነገርኩት» ማለት። ማን ይመረምራል?

ፋርማሲው ደፍ ላይ ትናንት ውሃው የደረሰበት መስመር ገና አልደረቀም። ገባች። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት የማንበቢያ መነጽር አናቷ ላይ ሰክታ ኪኒን ትቆጥራለች። እትዬ ብሎን የፈራቻትን ያህል ቆንጆ አልነበረችም። ከቆንጆ የባሰች ነበረች፤ ደስ ትላለች።

«ምን ልታዘዝ እህቴ?»

«የእጅ ቅባት።»

ሴትየዋ እጇን ዘርግታ የእትዬ ብሎንን መዳፍ ገለበጠች፤ ዘይቱን አልተጸየፈችም። «ቤንዚን ነዋ ያደረቀው። የኔንም እዪው።» አሳየቻት። ወተት ነው የተባለው እጅ ቀልቷል፤ አልኮሉ ልጦታል፤ አንጓዎቹ ላይ ተሰነጣጥቋል። ስድስት ወር ሙሉ በሌለ እጅ ስትቀና ኖራለች። ይሄ ሊያቀልላት ይገባ ነበር። አላቀለላትም።

መደርደሪያው በስተቀኝ ነው። ዐሥራ አራት መነጽር፣ እያንዳንዱ ላይ በባሏ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ቁጥር።

«ይሄስ?» አለች፣ ድምፅዋን ቀለል አድርጋ።

«ሞክሪው ከፈለግሽ። አንቺ ግን ገና ነሽ። ሰውየው ምን ይላል መሰለሽ? ‹ሰው አረጀ የሚባለው ክንዱ ሲያጥር ነው›። ጋዜጣውን እያራቁ፣ እያራቁ፣ ክንድ አለቀ!» ብላ ከልቧ ሳቀች።

ይሄን ቀልድ እትዬ ብሎን ታውቀዋለች። ኩሽና ውስጥ ነው የተወለደው። የመድኃኒት ወረቀት ልታነብለት ክንዷን የዘረጋች ዕለት የፈጠረው ነው፤ አንድ ሳምንት ስቀውበታል። ሰባት ዓመት በቤት ውስጥ የኖረ ቀልድ ነው። ሌላ ሴት አፍ ውስጥ ሲገላበጥ ስትሰማው፣ የማታውቀው ሰው የሷን የሌሊት ልብስ ለብሶ በር የከፈተላት ያህል ተሰማት።

«ትናንት ውሃው ገባባችሁ?» አለች።

«ሊገባ ሲል ቀትር ላይ ዘግቼ ወጣሁ።»

ቀትር ላይ ዘግታ የት ሄደች? አለ ሆዷ ወዲያው። ማጣሪያው ደረቅ እንደሆነ በጣቷ ነክታ አረጋግጣለች፤ ውሃው ከራዲያተር እንደሆነ አሽትታለች፤ ሆዷ ግን ይጠይቃል። ቀትር ላይ ባትዘጋ ደግሞ «ለምን ሳትዘጋ ቆየች?» ይል ነበር። በዚህ ዓይነት ሞተሩ በየቀኑ ቢመሰክርላትም አይበቃትም። ይሄን ስትረዳ ደነገጠች፤ ከመደንገጧ ደግሞ ተናደደች። ቅባቱን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ሴትየዋ ከኋላዋ ተጣራች።

«ለባለመነጽሩ ሰላም በይልኝ።»

ዞረች። «ታውቂኛለሽ?»

«በከተማው ስንት ሴት መካኒክ አለና?» አለች ሴትየዋ፣ ኪኒን ወደ መቁጠሯ እየተመለሰች።

ባሏ ሱቅ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የፊደል ሰሌዳ ያነባሉ። ጣሪያው ላይ ካርታ የመሰለ የውሃ እድፍ አለ። የረጠቡ ካርቶኖች ተዘርግተው ወለሉ ላይ ይደርቃሉ፤ ከሥራቸው ጋዜጣ ተነጥፏል። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። መጠበቅ ልማዷ አይደለም። ሽማግሌው አራተኛው መስመር ላይ ተሳስተው፣ ተከራክረው፣ እንደገና ተሳስተው በመጨረሻ ወጡ።

ባልየው ሰሌዳውን በጨርቅ ያብሳል፤ ሰሌዳው ንጹሕ ነው።

«ስለ መኪናው ነው የመጣሁት» አለች። «ጠዋት የነገርኩህ ስህተት ነው። ውሃው ከመንገድ አልገባም። የራሱ የራዲያተር ውሃ ነው፤ ጋስኬቱ ተበልቶ ሌሊቱን ሲያፈስ አድሮ ነው። ማጣሪያውን መጀመሪያ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ቢየላውም ጎብጧል። እሱን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ፤ ውሃ እንዳለበት እያወቅሁ ድገም ስላልኩህ።»

በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ጨረሰች። ባልየው ጨርቁን አስቀመጠ።

«ራዲያተሩ ወር ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት ከቧንቧ እሞላበት ነበር። አልነገርኩሽም።»

«ለምን?»

«ትጮኺብኛለሽ ብዬ።»

«በዚያን ጊዜ ብትነግረኝ አንድ ጋስኬት ነበር።»

«በዚያን ጊዜ ብነግርሽ አንድ ጋስኬትና አንድ ጩኸት ነበር።» ከዚያ የሆነ ነገር ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ። ሞተሩ ስለ ድልድዩ ምንም አላወቀም?»

«ምንም።»

«ታዲያ እኔ በምን ተናዘዝኩ?»

«በራስህ።»

«በውሸት አናዘዝሽኝ ማለት ነው!»

«እኔም እውነት መስሎኝ ነው።»

ሊቆጣ ፈለገ፣ አልሆነለትም፤ ሊስቅ ፈለገ፣ እሱም አልሆነለትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ በሽተኞቹ በሚቀመጡበት። «ነገ እዚያ ብሄድ በምን ታውቂያለሽ?»

መልሱ እስከ ጉሮሮዋ መጥቶ ነበር፤ «አውቃለሁ፣ አታስብ»። ዋጠችው።

«በምንም አላውቅም» አለች።

ከውጭ መኪና ጥሩንባ ነፋ።

«ሐሙስ እሄዳለሁ» አለ። «መደርደሪያው ላይ ያለውን ዛሬ ላንሣ ብል ማን ይገዛዋል? በአውቶቡስ ሄጄ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ እመለሳለሁ።»

«ሰዓቱን አልጠየቅኩህም።»

«አውቃለሁ። ነገርኩሽ።»

ልትወጣ ዞረች፤ ደፉ ላይ ቆመች። «የክንዱን ቀልድ ግን እዚያ አታውራው።»

ባልየው ቀና አለ። «ሄደሽ ነበር?»

«አሁን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«አንድ?»

«አንድ። ሰላም ብላሃለች።»

«ቀልድ ነው እኮ» አለ፣ ግራ ገብቶት። «ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነው።»

«ለደንበኛ ሌላ ፍጠር። እሱ የቤት ነው።»

አያት። አራቱን ሐሙሶች ስትሰማ ያልታየባት ነገር አሁን ፊቷ ላይ ነበር፤ እሱም ዓይን ማየት ሥራው ነውና አየው። «እሺ» አለ። አልቀለደበትም።

ሐሙስ ዕለት ቴስታታው ፊቱ በማሽን ተስተካክሎ ወደ ጋራዡ ተመልሷል፤ ሌላ ቢየላም ከአንድ የተጣለ ሞተር ተገኝቶ ገብቷል። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ እትዬ ብሎን ሰዓቷን አየች። ለዐሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እንደገና አየች። ስልኳን አነሣችና ቱታዋ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ሽቦ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን ሲያይ ዘጋው። አዲሱን ጋስኬት አነጠፈች፣ ቀዳዳዎቹን ከቀዳዳዎቹ አገጣጠመች፣ ሰዓቷን አላየችም፤ አለማየቱ ከማየቱ ይከብድ ነበር።

ለዐሥራ ሁለት ዐሥር ጉዳይ ላይ ባልየው ባዶ የመነጽር ሳጥኑን በብብቱ ይዞ በጋራዡ በር ገባ፤ ወደ ቤት አልሄደም።

«አውቶቡሱ…» አለ።

«ሳጥኑን አስቀምጥና ና» አለችው። ሆዷ የአውቶቡሱን መነሻ ሰዓት፣ የወሬውን ርዝመት፣ ማን እንደሳቀና በምን እንደሳቀ ሁሉ እየጠየቀ ነበር። «ይሄ ክዳን ከባድ ነው። በዚህ በኩል ያዝ። ስናወርደው ከተንሸራተተ ጋስኬቱ ይቀደዳል፤ ቀጥ አድርገህ።»

እጁን በሱሪው ጠርጎ ያዘ።

«እንደዚህ?»

«ትንሽ ወደ ራስህ» አለች።